ፎክሮ ለእናቱ

ሄቪ ሜታል የሚባለውን ሙዚቃ ጎንደር ውስጥ ከአንድ ግቢ ድንገት ቢለቁት የሚመጣውን ፍርድ አስቀድሞ መናገር ይቻላል። ጎረቤት «ምን ተሰበረ?» ይላል። አባት «ዝጋልኝ ይሄን ነገር!» ይላል። እናት ምንም አትልም፤ ልጇን ትክ ብላ ታየውና የትኛው ጸበል እንደሚሻለው በልቧ ማማረጥ ትጀምራለች። ልጁ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ፒያሳ ላይ አንገቱን ወደ ፊት ወደ ኋላ ሲንጥ ከታየ ደግሞ ፍርዱ ይግባኝ የለውም። ጥቁር ቲሸርት ከለበሰ «ማን ሞተባችሁ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ማንም እንዳልሞተ ሲናገር ጠያቂው ይበልጥ ይደነግጣል። በአጭሩ የሜታል ወዳጅ በዚህ ከተማ ወይ ሐዘንተኛ ነው ወይ ሕመምተኛ፤ ሙዚቃ አድማጭ ሊሆን እንደሚችል የሚጠረጥር ጥቂት ነው። እኔ ግን ፍርዱ ተቸኩሎ የተሰጠ ነው እላለሁ፤ የተሰጠበትም ቦታ ጨርሶ የማይሆን ነው። ሌላው አገር ይደንግጥ፣ ጎንደር ግን ሄቪ ሜታልን ሰምቶ የመደንገጥ መብት የለውም። ቀረርቶና ሽለላን አጥብቶ ያሳደገ አገር ነው፤ ሄቪ ሜታል ደግሞ ኤሌክትሪኩን ገለል አድርገው ቢያዩት ፉከራ ነው። በሁለቱ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ፤ ያውም ለሜታሉ የሚያደላ። እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ፤ አስቀድሞ ዝምድናውን ማስረዳት ይገባኛል።

ፉከራን ቀረብ ብለን እንየው። ዳባት ወይም ደባርቅ፣ ብርዱ ጋቢ በሚያስደርብበት ደጋ፣ ሰርግ ቤት ነን እንበል። አዝማሪው ማሲንቆውን ሲገዘግዝ ቆይቶ ቀረርቶውን ያወጣዋል፤ ድምፁን ከላይ ይጀምረዋል፣ ይስበዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ አየር ላይ ይተወዋል። ዳሱ ጸጥ ይላል። ከተቀመጡት መካከል አንዱ፣ ቅድም ወጥ ጨምሩልኝ ለማለት እንኳ ሲያፍር የነበረው፣ ዱላውን ይዞ ብድግ ይላል። «ዘራፍ!» ሲል የሚወጣው ድምፅ የእሱ አይመስልም፤ የሻከረ፣ የጎረነነ፣ ሆን ተብሎ የተሰነጠቀ ድምፅ ነው። ወደ ፊት ይንደረደራል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ያባቱን ስም ይጠራል፣ ያያቱን ገድል ይቆጥራል፣ ቃላቱን እርስ በርስ እያጋጨ ይተፋቸዋል። ግማሹ አይሰማም፤ ሆኖም «እስቲ ቀስ ብለህ ተናገር» የሚለው የለም። ዙሪያውን ያለው ሰው «አይዞህ! በለው!» እያለ ያጋግለዋል። ከዚያ ሰውየው ይቀመጣል፣ ላቡን ይጠርጋል፣ ጠላ ይቀዳለታል፣ ተመልሶ ያው ዓይነ አፋር ሰው ይሆናል። አሁን አዝማሪውን በጊታር፣ ዱላውን በማይክሮፎን፣ ዳሱን በመድረክ ብትተኩ ያገኛችሁት የሜታል ኮንሰርት ነው። ጊታሩ ብቻውን የሚያንቀጠቅጠው ረጅም ዜማ ቀረርቶው ነው፤ የድምፃዊው ማጓራት ፉከራው ነው፤ ከታች እጁን አንሥቶ የሚያጅበው ሕዝብ ደግሞ «በለው!» ባዩ ነው።

ስማቸውንም እንይ። የሜታል ባንዶች ሞትን፣ ሰይፍንና መቅሠፍትን የሚጠሩ ስሞች ይወዳሉ፤ ስሌየር ማለት ገዳይ ነው፣ አንትራክስ ደግሞ አባ ሰንጋ የምንለው የከብት በሽታ ነው። ይህን የሰማ ጨዋ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። ነገር ግን የፈረስ ስም ባላቸው ነገሥታት ታሪክ ላደገ ሰው ይህ ምኑ ይገርማል? ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ነበሩ፤ ዮሐንስ አባ በዝብዝ ነበሩ። አባ በዝብዝን በክብር ጠርቶ ስሌየርን መጸየፍ ሚዛን ማጉደል ነው። ጀግና ሲነሣ ጠላት የሚያስደነግጥ ስም ይዞ ይነሣል፤ የበርሚንግሃምና የካሊፎርኒያ ጎረምሶችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ፈረስ ብቻ አልነበራቸውም።

አንደኛው ተቃውሞ «ድምፁ የተበላሸ ነው» የሚል ነው። ጊታር ጥርት ብሎ መጮህ ሲችል ለምን እንደ ተቀደደ ስፒከር ያንኮራፋል ይባላል። ለዚህ መልሱ ያለው በገና ላይ ነው። በገና አሥር አውታር ያለው፣ ለጸሎትና ለምስጋና የተለየ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን አውታሩን በጣት ነክተው ቢተውት የሚሰጠው ድምፅ ደካማና ራቁቱን የቆመ ነው። ስለዚህ በአውታሩና አውታሩ ባረፈበት ድልድይ መካከል እንዝራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ይገባል። ደርዳሪው ያችን ቁራጭ ቆዳ ወደ ፊት ገፋ፣ ወደ ኋላ ሳብ እያደረገ ያስተካክላታል፤ አውታሩ ሲመታ ቆዳዋን እየነካ መንዘር ሲጀምር በገናው «አፉን ፈታ» ማለት ነው። አሥሩም አውታር እንዲህ እስኪነዝር ድረስ ያለው ትዕግሥት ራሱን የቻለ ጸሎት ነው። ያ ልብ የሚያርደው ግርማ የሚመጣው ከዚህ ንዝረት ነው፤ በሌላ አነጋገር አባቶቻችን የጠራ ድምፅ እያላቸው ሆን ብለው አሻክረውታል፤ የጠራ ሁሉ ጥልቅ እንዳልሆነ ገብቷቸው ነበርና። የሜታል ጊታር ተጫዋች አምፕሊፋየሩን ከአቅሙ በላይ ገፍቶ ድምፁን ሲያነዝረው የሚፈልገው ይህንኑ ግርማ ነው። ሥራቸው አንድ ነው ማለቴ አይደለም፤ አንዱ ወደ ሰማይ ያቀናል፣ ሌላው ወደ መድረክ። ጆሯችን ግን ንዝረትን እንደ ብልሽት እንዳይቆጥር ከጥንት የሠለጠነ ነው እያልሁ ነው።

የሚገርመው በሜታሉም ታሪክ መግቢያ በር ላይ ቁራጭ ቆዳ መገኘቱ ነው። ቶኒ አዮሚ የሚባል የበርሚንግሃም ልጅ በ17 ዓመቱ የቆርቆሮ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ሥራውን ለቅቆ ከባንድ ጋር ሊሄድ በተነሣበት በመጨረሻው ቀን ማሽኑ የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት፤ ግራኝ ስለነበረ አውታር የሚጫንባቸው ጣቶች እነዚሁ ነበሩ። አለቃው፣ ሁለት ጣቶቹ በቃጠሎ የተጎዱበትን የጊታር ተጫዋቹን የጃንጎ ራይንሃርትን ሸክላ አሰምቶ አጽናናው። አዮሚም የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፣ ላዩን ከአሮጌ ጃኬት በቆረጠው ቆዳ ለበጠው። ጣቱ እንዳያመው ቀጫጭን አውታር ገጠመ፤ በኋላ ደግሞ አውታሮቹን አላልቶ ቅኝቱን ዝቅ አደረገው። ዝቅ ያለው ቅኝት የወፈረና የከበደ ድምፅ ሰጠ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1970 የወጣው የአዮሚ ባንድ የብላክ ሳባት የመጀመሪያ አልበም፣ አብዛኞቹ የሜታል ወዳጆች የዘርፉ መነሻ የሚሉት፣ በዚህ እጅ የተሠራ ነው፤ ተቀርጾ ያለቀውም በአንድ ቀን ነበር። እንግዲህ «ተበላሸ» የተባለው ድምፅ ከእውነተኛ ጉዳት የተወለደ ነው፤ የቆሰለ ሰው ሙያውን ላለመተው የፈጠረው መላ ነው። ይህን ያወቀ ሰው ሙዚቃውን ላይወደው ይችላል፤ ቀልድ ነው ግን ሊለው አይችልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «የኛ አይደለም፣ ባዕድ ነው» ይላል። ሳክስፎንም የኛ አልነበረም። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች የነሐስ መሣሪያቸውን ይዘው አዲስ አበባ ሲገቡ የሰማ ሁሉ ባህሌ መጣ ብሎ አላጨበጨበም። ከጥቂት አሠርት ዓመታት በኋላ ግን ጌታቸው መኩሪያ የሚባል ሰው ተነሥቶ ሽለላን በሳክስፎን ነፋው። ቃል የለውም፣ «ዘራፍ» አይልም፤ ግን የሚፎክረው ሰው ትንፋሽ፣ መንደርደሩ፣ ቆም ብሎ ማጉረምረሙ ሁሉ በነሐሱ ውስጥ ይሰማል። መድረክ ላይ ሲወጣ የአንበሳ ጎፈር አናቱ ላይ ይደፋ ነበር። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2004 አምስተርዳም ላይ ዘ ኤክስ የሚባሉትን የሆላንድ ፓንኮች አገኘ፤ ፓንክ ማለት የሜታል የሥጋ ዘመድ፣ እንደ ሥጋ ዘመድ ሁሉ ሲጣሉ የኖሩ ናቸው። ጊታራቸው ይፋጫል፣ ይንጫረራል። ዕድሜው ወደ ሰባ የተጠጋው ሽማግሌ ጆሮውን ይዞ ሸሸ? አልሸሸም። ለሚቀጥለው አልበሜ አጃቢ ሁኑኝ አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተባለው አልበም ወጣ። ፉከራን ከማንም በላይ የሚያውቀው ሰው የተቀጣጠለ ጊታር ሲሰማ ጓደኛ እንጂ ጠላት አላገኘም፤ በዚህ ክርክር ከእሱ የተሻለ ምስክር አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ጃኖ ባንድ፣ ሁለት ሴትና ሁለት ወንድ ድምፃውያን ከፊት አሰልፎ፣ ቢል ላስዌል ፕሮዲዩስ ያደረገውን «ኤርታሌ» የተባለ አልበም አወጣ፤ የጋለ የሮክ ጊታር በአገርኛ ቅኝት ላይ። ጥለቱ ቀይ የሆነውን የመኳንንት ልብስ ስም ለሮክ ባንድ መስጠታቸውም ራሱ መልስ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል፤ «የሰይጣን ነው» ይላል። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ብዬ ልናገር። የሜታል ወዳጆች አመልካች ጣታቸውንና ትንሿን ጣታቸውን ቀስረው የሚያሳዩት ምልክት አለ፤ ያየው ሁሉ የዲያብሎስ ቀንድ ነው ይላል። ምልክቱን በሜታል መድረክ ያስለመደው ድምፃዊ ሮኒ ጄምስ ዲዮ ግን ከጣሊያን ወገን የተወለደ ሲሆን፣ የተማረውም ከአያቱ እንደነበር ተናግሯል። አያትየዋ ያን ምልክት የምታሳየው ክፉ ዓይን እንዳይነካት ነው። እንግዲህ በእኛ አነጋገር ሴትዮዋ ከቡዳ እየተከላከለች ነበር! ልጇ አንገት ላይ ክታብ ያሰረች፣ ሰው ፊት እንዳይበላ የምትከለክል የጎንደር አያት ይህን ብትሰማ ዲዮን «ደግ አያት አሳድጋዋለች» ብላ ትመርቀው ነበር። ደግሞም ሙዚቀኛን ከሰይጣን ጋር ማዛመድ አዲስ ነገር አይደለም። ከጎንደር ብዙ የማይርቀው የቡርቧክስ አዝማሪ ሰርጋችንን አድምቆ፣ ግጥሙን ደርድሮ፣ ሲመለስ ከኋላው ምን እንደሚባል እናውቃለን። በግብጽም እ.ኤ.አ. በ1997 መቶ ያህል የሜታል አድማጮች ሰይጣን አምላኪ ናችሁ ተብለው ታሰሩ፤ የተያዘባቸው ካሴትና ጥቁር ቲሸርት ነበር። ማስረጃ ሲጠፋ ተፈቱ። በጥቁር ልብስ ሰው የሚታሰር ቢሆን ለቅሶ ቤት ሁሉ እስር ቤት በሆነ ነበር።

ግን ሚዛን እንዳላጎድል፣ ተቃዋሚው አንድ እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኖርዌይ ውስጥ ብላክ ሜታል የሚባለው ቅርንጫፍ ተከታዮች የሆኑ ጥቂት ወጣቶች ዘመናት ያስቆጠሩ የእንጨት ቤተ ክርስቲያኖችን አቃጥለዋል። ይህ ለማንም ወንጀል ነው፤ ለጎንደር ሰው ግን ከወንጀልም በላይ ነው። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ገብቶ አድባራቱን ሲያነድ ደብረ ብርሃን ሥላሴን የንብ መንጋ ወጥቶ አዳነው እየተባለ በሚነገርበት ከተማ፣ ቤተ ክርስቲያን አቃጣይን በሙዚቃ ስም ማለሳለስ አይቻልም። ኖርዌይ ንብ አልነበራትም፤ ፍርድ ቤት ግን ነበራት፤ አቃጣዮቹ ተይዘው ታሰሩ። ከዚያ ወዲያ ያለው ጥያቄ የጥቂቶቹ ኃጢአት ዘርፉን ሁሉ ያስኮንነዋል ወይ የሚለው ነው። በፉከራ ስም ስንት ያለ አግባብ ደም እንደፈሰሰ እያወቅን ፉከራን ከሰርጋችን አላስወጣንም። ጥፋተኛውን ለይተን እንቀጣለን፣ ዜማውን እናስቀራለን። ለራሳችን የቆረጥነውን ፍርድ ለባዕዱም እንቁረጥለት።

ስለ ጸጉር የሚነሣውን ወቀሳ በአጭሩ ልለፈው፤ ክርክር አያወጣምና። ረጅም ጸጉር ያለው ወንድ ያስነውራል የሚል ጎንደሬ ካለ ደረስጌ ማርያም ሄዶ ይጠይቅ፤ በ1847 ዓ.ም. እዚያ ዘውድ የጫኑት ቴዎድሮስ ሥዕላቸው በየቤቱ የተሰቀለው ሹሩባቸውን እንደተሠሩ ነው። በጣሊያን ወረራ አምስቱን ዓመት ጫካ የኖሩ አርበኞች ጎፈሬ ያሳደጉት ፀጉር አስተካካይ አጥተው ብቻ አይደለም፤ ጎፈሬ የእምቢታ ምልክት ነበር። ይህም ካልበቃ ስሜን ተራሮች ወጥቶ ወንዱን ጭላዳ ማየት ነው፤ ያንን ጋማ ነፋስ እያገላበጠለት ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጦ ሲታይ የሜታል ባንድ የአልበም ሽፋን እየተነሣ እንጂ ሣር እየጋጠ አይመስልም።

አሁን ወደ አድማጮቹ ልምጣ፤ የሜታል ጨዋታው የሚጥመው ከሙዚቃው ይልቅ ወዳጆቹ ሲከራከሩ ነው። ሜታልን ብቻውን ሰምቶ የወደደ ሰው ጥቂት ነው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም፤ መሪ ያስፈልጋል። መሪው ብዙ ጊዜ አንድ ቀድሞ የተለከፈ ጓደኛ ነው፤ በቴሌግራም አንድ ዘፈን ይልካል፣ «እስከ መጨረሻው ስማው» ይላል፣ አልወደድሁትም ሲባል «ገና አልገባህም» ብሎ ሌላ ይልካል። በሦስተኛው ላይ ከጩኸቱ ስር ዜማ ይሰማል፤ በአምስተኛው ላይ አዲሱ ምርኮኛ ሌላ ሰው ፍለጋ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ነው መከፋፈሉ የሚመጣው። ትራሽ አለ፣ ዴዝ አለ፣ ዱም አለ፣ ብላክ አለ፣ ፓወር አለ፤ ለውጭ ሰው ሁሉም ያው ጩኸት ነው፤ ለባለቤቶቹ ግን «ይሄ እኮ ሜታል አይባልም» የሚያሰኝ፣ ጓደኝነት የሚያቀዘቅዝ ልዩነት ነው። በዚህ የሚስቅ ካለ መጀመሪያ የራሱን ከተማ ይመልከት። ጎንደር በዓታ ለአቋቋም የሚታወቅ ደብር ነው፤ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ የሚለየውን ስልት ያልተማረ ምእመን ዝማሜውን ሰምቶ ደስ ብሎት ይሄዳል፣ ልዩነቱን አያውቅም፤ መሪጌታው ግን ከጽናጽሉ አጣጣልና ከመቋሚያው አወዛወዝ ማን የማን ደቀ መዝሙር እንደሆነ ይለያል። የተቀደሰውን ካልተቀደሰው ጋር እያስተካከልሁ አይደለም፤ የማወዳድረው ጆሮን ነው። ጆሮ የሚሠለጥነው በንግግርና በክርክር ነው፤ ያልሠለጠነ ጆሮ ያልተለየውን ሁሉ «ያው ነው» ይላል። ሜታል «ያው ጩኸት ነው» ማለትም ስለ ሜታሉ ሳይሆን ስለ ተናጋሪው ጆሮ የሚነግረን ነገር አለ።

ይህን ሁሉ ሰምቶ ብልህ ሽማግሌ የመጨረሻውን ጥያቄ ያነሣል፤ እስካሁን ያላነሣው አዝኖልኝ ሳይሆን አድብቶ ነው። «እሺ፣ ፉከራ ነው እንበል» ይላል፤ «ፉከራ ግን ምክንያት አለው። ፎካሪው አገር ጠብቋል፣ ወይም ሊጠብቅ ነው፤ ከፉከራው በኋላ ዘመቻ አለ። እነዚህ ግን ማንን ሊወጉ ነው እንዲህ የሚያጓሩት? ሥራ ውለው የሚገቡ፣ ጥርሳቸውን ፍቀው የሚተኙ ልጆች ናቸው።» ጥያቄው ትክክል ነው፤ እኔ ደግሞ መጀመሪያ ላይ አንድ ልዩነት አለ ያልሁት ይህንን ነው። የሜታል ፎካሪ ከፎከረ በኋላ የትም አይዘምትም። ሽማግሌው ይህን እንደ ጉድለት ይቆጥረዋል፤ እኔ እንደ ታላቅ ሙያ እቆጥረዋለሁ። ንዴት በሰው ልጅ ደም ውስጥ አለ፤ በተለይ በሃያ ዓመት ደም ውስጥ። ጥያቄው ንዴቱ የት ይፍሰስ ነው። ፉከራ ቦይ ቀዶለታል፣ ግን ቦዩ ብዙ ጊዜ የሚያበቃው ጠመንጃ ላይ ነው። ሜታል ያንኑ ውኃ፣ ያንኑ ግፊት ተቀብሎ በጊታር አስጩኾ እዚያው መድረክ ላይ ያፈስሰዋል።

ይህ የወዳጅ ወሬ ብቻ እንዳይመስል አንድ ጥናት ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2015 የአውስትራሊያው የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች ከ18 እስከ 34 ዓመት የሆኑ 39 የከባድ ሜታል አድማጮችን ሰበሰቡ። በመጀመሪያ የሚያናድዳቸውን ነገር እያስነሡ አናደዷቸው፤ ከዚያ ግማሾቹን ራሳቸው የመረጡትን ሙዚቃ አሰሟቸው፣ ግማሾቹን በዝምታ አስቀመጧቸው። ሙዚቃው ይበልጥ ያሳብዳቸዋል ብሎ የጠበቀ ካለ አፈረ፤ የሰሙት በዝምታ የተቀመጡትን ያህል ረገቡ፤ እንዲያውም መንፈሳቸው ተነቃቃ። 39 ሰው ብዙ አይደለም፤ አንድ የጎንደር ሰርግ ቤት እንኳ አይሞላም። ቢሆንም ውጤቱን ልብ ብሎ ላሰበው፣ ለባለቤቱ ይህ ጩኸት የዝምታን ሥራ ይሠራል ማለት ነው። ዝምታ በጠፋበት ዘመን በጩኸት የሚረጋጋ ሰው ሊመሰገን እንጂ ሊወቀስ አይገባም።

ሌላም ምስክር አለ። በኮንሰርቶቹ ላይ ሞሽ ፒት የሚሉት ግፊያ አለ፤ ጎረምሶች ክብ ሠርተው ይጋፋሉ፣ በትከሻ ይማታሉ፣ ይዘላሉ። ከሩቅ ያየ ጠብ ነው ይላል። ነገር ግን ያልተጻፈ ሕግ አለው፤ የወደቀን ሰው ሁሉም ቆሞ ያነሣዋል። ይህን ማስረዳት የሚያስፈልገው ለሌላ አገር ሰው ነው፤ ፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ በከተራና በጥምቀት ዱላውን አንሥቶ «ሆ!» እያለ በትከሻ የሚገፋፋውን፣ ጸበሉ ሲባረክ ከግንቡ ዘሎ ውኃ ውስጥ የሚወድቀውን ጎረምሳ ያየ ሰው ጉልበትና ጠብ አንድ እንዳልሆኑ ያውቃል። በሰሜን ጀርመን ደግሞ ዋከን የምትባል፣ ነዋሪዋ ሁለት ሺህ ያህል የሆነ የገበሬ መንደር አለች። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በየክረምቱ የሜታል ፌስቲቫል ታስተናግዳለች፤ አሁን አሁን ጥቁር የለበሰ ከ80 ሺህ በላይ እንግዳ ይመጣባታል። መንደርተኛው አልተሰደደም፤ በየዓመቱ ያስተናግዳል፣ ገበያውም ይደራለታል። ከሁሉም የሚያስቀኝ ግን ሜታሊካ የሚባለው ባንድ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 አንታርክቲካ ላይ ሲጫወቱ አካባቢው እንዳይረበሽ ተብሎ ስፒከር አልተከፈተም፤ ታዳሚው ሁሉ በማዳመጫ ሰማ። ውጭ የቆመ ፔንግዊን የሚሰማው የሰው እስትንፋስ ነበር። ጎረቤቱን እንዳይረብሽ በሹክሹክታ የሚፎክር ፎካሪ ከዚህ በፊት በታሪክ ታይቶ አይታወቅም፤ ይህን ሥርዓት ፒያሳ ላይ እስከ እኩለ ሌሊት ስፒከር የሚያስጮኹ ሱቆች ቢወርሱት ከተማው ሁሉ ሜታልን በወደደ ነበር።

የሜታል ወዳጆችንም ያለ ምክር አልለቃቸውም። ድምፁን ከልክ በላይ ከፍቶ ጆሮን ማደንቆር ጀግንነት አይደለም፤ መስማት ያቆመ ጆሮ ዱምን ከትራሽ አይለይም። የማይወድን ሰው በግድ ማስደመጥም ነውር ነው፤ ፎካሪ እንኳ የሚነሣው ቀረርቶ ሲወጣለት ነው። ግጥሙ አይሰማም ለሚሉትም መቆጣት አያስፈልግም፤ የፉከራም ግማሹ አይሰማም፣ የቀረው ግን ሰው ያቆማል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ፉከራን ራሱን አይናቁት። የእንግሊዝ ፋብሪካ ልጆችን ጩኸት በጥንቃቄ መርምሮ የአገሩን ቀረርቶ «ያረጀ ነገር» የሚል አድማጭ የሠለጠነው ጆሮው ሳይሆን አፉ ነው።

ለሽማግሌውም የቀረችኝ ቃል ይህች ናት። «ፈሪ ለእናቱ» ይባላል፤ ጀግናው ይሄዳል፣ ላይመለስም ይችላል፤ ፈሪው ለእናቱ ይተርፋል። አባባሉ ሁለት መንገድ ብቻ ሰጥቶናል፤ ወይ ፎክሮ መሞት፣ ወይ አፍሮ መኖር። የተኩስ ድምፅ ምን እንደሚመስል ለጎንደር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ስንት እናት በመጀመሪያው መንገድ ልጇን እንዳጣች ደግሞ ደጁን ከፍቶ ማየት ነው። ሄቪ ሜታል ሦስተኛ መንገድ አሳይቷል፦ እንደ አባ ታጠቅ ፎክሮ፣ እንደ ጭላዳ ጸጉሩን አራግፎ፣ ጉሮሮው እስኪዘጋ «ዘራፍ» ብሎ፣ ማታ ለእራት ቤቱ የሚገባ ልጅ። እናቱ ጸበል ልትወስደው ብታስብ አልፈርድባትም። ግን ከመውሰዷ በፊት አንድ ነገር ታስብ፤ ልጇ ፎክሮም ቤቱ ገብቶላታል።